የሮበርት ስቴቢንስ ቀለበት

በአገራችን አቋሙን እንደ ሸማ የሚለዋውጥ ሰው እስስት ይባላል። ስድቡ ለእንስሳይቱ ፍትሐዊ ነው ለማለት ይቸግራል፤ እስስት ቀለሟን የምትለዋውጠው ለመሸሸግ ብቻ ሳይሆን ሙቀት ለመሰብሰብና ከሌላ እስስት ጋር ለመግባባትም ጭምር ነውና። ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ግን ስለ እስስት ሳይሆን የእስስት ተቃራኒ ስለሆነች አንዲት ትንሽ ፍጡር፣ ይልቁንም እሷን በማጥናት ስማቸውን ስላስጠሩ አንድ ሰው ነው። ፍጡሯ ቀለሟን አትለዋውጥም። ከወላጆቿ የወረሰችውን ለብሳ ኖራ ለብሳው ትሞታለች። ነገሩ የሚገርመው፣ በአንዳንድ ቦታ የወረሰችው ልብስ የራሷ ሳይሆን የመርዘኛ ጎረቤቷ መሆኑ ነው።

ሰውዬው ፕሮፌሰር ሮበርት ስቴቢንስ ይባላሉ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በምዕራብ አሜሪካ ጫካና በረሃ ለሚንሸራሸር፣ ስለ እንሽላሊትና ስለ እንቁራሪት ማወቅ ለሚወድ ሰው ስማቸው እንደ ቤተሰብ ስም ነው። እኛ ዘንድ ግን ብዙም አልተሰማም። ለመሰማት ግን ሰበብ ነበረን። የተማሩት ዌስትውድ፣ በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ትንሿ ኢትዮጵያ ብለን ከምንጠራት ሰፈር ወደ ምዕራብ ጥቂት ማይል ብቻ ተጉዞ የሚደረስበት ግቢ። ከመካከላችን ስንቱ እዚያው ግቢ ውስጥ ተምሯል፣ ስንቱስ ልጁን አስመርቋል!

ስቴቢንስ የተወለዱት በመጋቢት 1915 በሰሜን ካሊፎርኒያ ቺኮ በምትባል ከተማ ነው። አባታቸው የእርሻና የተፈጥሮ ትምህርት መምህር ነበሩና ልጁ ገና ከጅምሩ ከአፈርና ከቅጠል ጋር አደገ። ቤተሰቡ በኋላ ወደ ሎስ አንጀለስ አካባቢ ተሻገረ። ዩኒቨርሲቲው ወደ ዌስትውድ የተዛወረው በ1929 ስለነበር እርሳቸው ሲገቡ ግቢው ገና አዲስ ነው። መጀመሪያ የገቡት ለምህንድስና ነበር። ልጁ መሐንዲስ እንዲሆን የሚመኝ ወላጅ የእኛ አገር ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ ብቻ ምህንድስናውን ትተው ወደ እንስሳት ጥናት አዘነበሉ። በ1940 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ በ1942 ማስተርሳቸውን፣ በ1943 ዶክትሬታቸውን ሁሉንም ከዚያው ግቢ ወሰዱ። በመካከሉ በ1941 አናሮዝ ኩፐርን አገቡ፤ ትዳሩም እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ ዘለቀ።

መምህራቸውን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ሬይመንድ ካውልስ የአፍሪካ ልጅ ነበሩ፤ በ1896 በደቡብ አፍሪካ ናታል ከአሜሪካውያን ሚሲዮናውያን ተወልደው በዙሉዎች መካከል አድገዋል። ስለዚያ አገርና ተፈጥሮው በ1959 መጽሐፍ አሳትመዋል። ከቻርልስ ቦገርት ጋር በ1944 ያወጡት ጥናት ደግሞ እባብና እንሽላሊት ቀዝቃዛ ደም አላቸው የሚለውን የቆየ አባባል አናጋ። እንሽላሊት ፀሐይና ጥላን እያፈራረቀች የሰውነቷን ሙቀት በሚያስገርም ጥንቃቄ እንደምትቆጣጠር በቴርሞሜትር ለክተው አሳዩ። ካውልስ ከዘመናቸው ቀድመው ስለ ሕዝብ ብዛትና ስለ በረሃው መጎሳቆልም ይጨነቁ ነበር። ተማሪያቸው ይህን ጭንቀት ከሳይንሱ ጋር አብረው ወረሱት፤ በኋላ እንደምናየው ፍሬ አፈራ።

የስቴቢንስ የዶክትሬት ጥናት በአሸዋ ውስጥ እንደ ዓሣ ስለምትጠልቅ እንሽላሊት ነበር። የእግሯ ጣቶች ጠርዝ እንደ ጥልፍ ጠርዝ የተዘረዘረ ነው፤ በለስላሳ አሸዋ ላይ ስትሮጥ እንዳትሰጥም ይረዳታል። አፍንጫዋ አሸዋ ሳያስገባ እንዴት እንደሚያስተነፍሳት ስቴቢንስ ዘርዝረው ጻፉ።

በ1945 በበርክሌይ የጀርባ አጥንት ያላቸው እንስሳት ሙዚየም ተቀጠሩ፤ የእባብ፣ የእንሽላሊትና የእንቁራሪት ወገኖች ክፍል የመጀመሪያው ኃላፊም ሆኑ። ታላቁን ሥራቸውን የሠሩት እዚያ ነው።

ሥራው ስለ ሳላማንደር ነበር። ስሙን የምጽፈው በፈረንጅኛው ነው፤ ምክንያቱም ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ሳላማንደር የሚባል ፍጡር ስለሌለ አማርኛችን ስም የሚያወጣለት ምክንያት አልነበረውም። ሳላማንደር በቅርጿ እንሽላሊት ትመስላለች፤ ቆዳዋ ግን እንደ እንቁራሪት ለስላሳና እርጥብ፣ ቅርፊት የሌለው ነው። ስቴቢንስ ያጠኗት ዓይነት ኤንሳቲና ትባላለች። ሳንባ የላትም። የምትተነፍሰው በቆዳዋና በአፏ ውስጠኛ ሽፋን ነው፤ ስለዚህ ቆዳዋ ከደረቀ ታፍና ትሞታለች። በጋውን በዛፍ ሥርና በአይጥ ጉድጓድ ተሸሽጋ ታሳልፋለች፤ ዝናብ ሲመጣ ከበሰበሰ ግንድና ከወደቀ ቅጠል ሥር ትገኛለች። እንቁላሏን የምትጥለው ውኃ ውስጥ ሳይሆን በእርጥብ አፈር ውስጥ ነው፤ እናቲቱም ተጠምጥማ ትጠብቀዋለች። ጠላት ሲመጣ በአራት እግሯ ተገትራ ትቆማለች፤ ከጭራዋ እንደ ወተት ያለ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ታወጣለች፤ ካልሆነላትም ጭራዋን ጥላ ታመልጣለች። ከዌስትውድ በላይ ባሉት የሳንታ ሞኒካ ተራሮች፣ በኦክ ዛፎች ሥር፣ ከዝናብ በኋላ አለች።

አሁን ወደ ቀለሟ እንምጣ። በባሕሩ ዳርቻ በኩል ያሉት ኤንሳቲናዎች ባለ አንድ ቀለም ናቸው፤ ቡናማ፣ ቀይ ዳማ ወይም ብርቱካናማ። በምሥራቅ በኩል፣ በሴራ ኔቫዳ ተራሮች ያሉት ግን ነጠብጣብ ለብሰዋል፤ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ነጠብጣቡ እየሰፋ በመጨረሻ በጥቁር መደብ ላይ ትላልቅ ቢጫና ብርቱካናማ ጥፍጥፍ ይሆናል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ ናቸው ብሎ አያስብም። የቀድሞዎቹ ሊቃውንትም አላሰቡም፤ ከ1850 ጀምሮ የተለያየ የዝርያ ስም እየሰጡ በየመዝገባቸው አስገብተዋቸው ነበር።

ስቴቢንስ ናሙናቸውን ከየተራራው ሰብስበው፣ ቀለሙን፣ መጠኑን፣ የሚኖርበትን ቦታ እያመሳከሩ በካርታ ላይ ደረደሩት። የታያቸው ቀለበት ነበር። የካሊፎርኒያ ማዕከላዊ ሸለቆ ወደ 450 ማይል የሚረዝም፣ በበጋ እንደ ምጣድ የሚግል ሜዳ ነው፤ እርጥበት ፈላጊዋ ሳላማንደር ልትኖርበት አትችልም። በሰሜን ጫፍ ያለው ሕዝቧ አንድ ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ አንዱ ክንድ በባሕሩ ዳርቻ ተራሮች፣ ሌላው በሴራ ኔቫዳ ወረደ። በእያንዳንዱ ክንድ ላይ ጎረቤት ከጎረቤት ይጋባል፤ ቀለሙም ቀስ በቀስ አንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ሁለቱ ክንዶች ግን ሸለቆውን ዞረው በደቡብ ካሊፎርኒያ ተራሮች እንደገና ሲገናኙ አይተዋወቁም። በሳንዲያጎ አቅራቢያ በኩያማካ ተራሮች አንድ ጫካ ውስጥ፣ አንዳንዴም በአንድ ግንድ ሥር፣ ባለ ጥፍጥፏና ባለ አንድ ቀለሟ እንደ ሁለት ባዕድ ዝርያ ሳይዳቀሉ ይኖራሉ። በሌሎች ጥቂት ቦታዎች ክልስ ይገኛል፣ ግን ጥቂት ነው።

በ1949 የታተመው ጥናታቸው ይህን ሁሉ አንድ ዝርያ ብሎ በሰባት ንዑስ ዝርያዎች ከፈለው። ከሰባቱ አንዷን፣ ባለ ቢጫ ዓይኗን፣ ራሳቸው ስም አወጡላት። የሐሳቡ ክብደት እዚህ ላይ ነው፦ ዳርዊን አዲስ ዝርያ የሚወለደው በብዙ ሺህ ዓመታት ነው ስላሉ ማንም ቆሞ ሊያየው አይችልም። ኤንሳቲና ግን ጊዜ የሠራውን በቦታ ዘርግታ ታሳያለች። ከሰሜን ተነሥቶ ቀለበቱን የዞረ ተጓዥ፣ አንድ ዝርያ ሁለት ሲሆን በየመንደሩ እያየ ይሄዳል። ኤርንስት ማየር ስለ እንዲህ ያለው ክብ በ1942 ጽፎ ነበር፤ ከምሳሌዎቹ ብዙዎቹ ወፎች ነበሩ። ወፍ ይበርራል፣ ድንበር ያቋርጣል። ይህች ግን በዕድሜዋ ከተወለደችበት ግንድ ብዙም የማትርቅ ናትና ምስክርነቷ የበለጠ ይታመናል።

ለእኛ ነገሩ ያን ያህል እንግዳ አይደለም። ስቴቢንስ ከዌስትውድ ከወጡ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1955፣ በዚያው ግቢ ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው ማስተማር ጀመሩ። የአማርኛ መዝገበ ቃላታቸው በብዙዎቻችን መደርደሪያ ላይ አለ። ሌስላው ዕድሜያቸውን ከሰጡባቸው ነገሮች አንዱ የጉራጌ ቋንቋዎች ናቸው፤ በ1979 ሦስት ቅጽ መዝገበ ቃላት አወጡላቸው። ቸሃ የሚናገር ሰው የጎረቤቱን የእዣን አነጋገር ብዙም አይቸገርበትም፤ አንዱን መንደር አልፎ ሌላውን ሲጨምር ግን ጆሮው እየደከመ ይሄዳል፤ የዳርና ዳሩ ሰዎች ሲገናኙ ሌላ ቋንቋ ይፈልጋሉ። ታዲያ ቋንቋው የት ላይ አለቀ? የትኛው ወንዝ ላይ ነው ሌላው የጀመረው? የቋንቋ ሊቃውንቱና የሳላማንደሩ ሊቅ የተከራከሩበት ጥያቄ አንድ ነው። እኔ በበኩሌ ይህን ነገር ወደ ፖለቲካችን ልጎትተው አልሻም፤ እንስሳን ምስክር አድርጎ በሰው ላይ መፍረድ አያምርም። ሆኖም መሥመር የሚያሰምር ሰው መሥመሩን ያገኘው መሬቱ ላይ ይሁን ወይስ እርሳሱ ላይ ብሎ መጠየቅ ሳይንስም ነው፣ ጨዋነትም ነው።

አሁን ወደ ተዋሰችው ልብስ። በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ የምትኖረው ባለ ቢጫ ዓይን ኤንሳቲና ሆዷ ደማቅ ብርቱካናማ ነው፤ ዓይኗ ላይም ቢጫ ምልክት አለ። በዚያው ጫካ ኒውት የምትባል ሌላ የሳላማንደር ዓይነት ትኖራለች፤ እሷም ሆዷ ብርቱካናማ፣ ዓይኗም ቢጫ። ኒውት ግን ቀልድ አታውቅም። ቆዳዋ ውስጥ ቴትሮዶቶክሲን የሚባል፣ ፉጉ በተባለው የጃፓኖች ዓሣም ውስጥ የሚገኝ የነርቭ መርዝ አለ። በ1979 በኦሪገን አንድ የ29 ዓመት ወጣት አንዷን ውጦ ሞቷል። ኒውት ስትነካ ራሷንና ጭራዋን ወደ ላይ ቀልብሳ ሆዷን ታሳያለች፤ አትንኩኝ እንደ ማለት ነው። ስቴቢንስ በ1949ኙ ጥናት ውስጥ ኤንሳቲናዋ ይህን ማስጠንቀቂያ ሳትከፍልበት እየተጠቀመች ሊሆን እንደሚችል ጠቆሙ። ሄንሪ ቤትስ የተባለው እንግሊዛዊ በአማዞን ቢራቢሮዎች ላይ አስተውሎ በ1862 ያሳተመው ሐሳብ ነው፤ የሚበላው የማይበላውን መስሎ ይተርፋል። የተራሮቹን ባለ ነጠብጣቦች ደግሞ በተቃራኒው ተረጎሟቸው፤ በዛፍ ቅጠል መካከል ነጥብ ነጥብ ሆኖ በሚወርድ ብርሃን ሥር የገላዋን ቅርጽ የሚሰብር መሸሸጊያ ነው አሉ። አንዷ ታየኝ ብላ ትድናለች፣ እኅቷ አትየኝ ብላ።

ይህ ግምት ማስረጃ እስኪያገኝ ግማሽ ምዕተ ዓመት ጠበቀ። ሾን ኩክታ የተባለ ተመራማሪ ከሸክላ ጭቃ የተሠሩ ሳላማንደሮችን፣ አንዳንዶቹን በኤንሳቲናዋ ብርቱካናማና ቢጫ ምልክት፣ አንዳንዶቹን ያለ ምልክት፣ ጫካ ውስጥ በተናቸው። ጭቃው ጥርስና ማንቁርት ሲያርፍበት ምልክቱን ይይዛል። ባለ ምልክቶቹ የተጠቁት በጥቂቱ ነበር፤ ውጤቱ በ2005 ታተመ። በ2008 ደግሞ ከባልደረቦቹ ጋር ጄይ የሚባሉትን የቁራ ወገን ወፎች ፈተነ። መርዘኛይቱን ኒውት አስቀድመው የተዋወቁት ወፎች ባለ ቢጫ ዓይኗን ኤንሳቲና ለመንካት ከሌላዋ ይልቅ ብዙ አመነቱ። ስቴቢንስ በዚያን ጊዜ ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል። በወጣትነቱ የጻፈው አንድ ግምት በሽምግልናው ሲረጋገጥ የሚያይ ሳይንቲስት ብዙ አይደለም።

ማስመሰሉ ግን ዕዳ አለበት፤ የተመሰለችው ከጠፋች የመሰለችው ልብስ ዋጋ የለውም። ደማቅ ቀለም ያለ መርዘኛ ጎረቤት ለወፍ የምሳ ጥሪ ነው። ኒውቶቹ የሚራቡት ጅረት ውስጥ ነው፤ በእኛው የሳንታ ሞኒካ ተራሮች ሳይቀር። በጥር 2025 የፓሊሳይድስ ቃጠሎ ከ23 ሺህ ኤከር በላይ ሲያቃጥል የሁላችንም ዓይን ቤቶቹ ላይ ነበር፤ ተገቢም ነው። ተራራው ሲራቆት ግን ቀጣዩ ዝናብ አፈሩን ጠርጎ የኒውቶቹን ኩሬዎች ይሞላል።

ወደ አገር ቤት ስንመለስም ተመሳሳይ ነገር አናጣም። ፓፒሊዮ ዳርዳኑስ የሚባለው ቢራቢሮ በብዙው አፍሪካ ሴቷ ጭራ አልባ ሆና መርዘኛ ቢራቢሮዎችን ትመስላለች። የኢትዮጵያዋ ሴት ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ወንዱ ቢጫና ባለ ጭራ ናት፤ ጥቂቶቹ ብቻ የመርዘኛውን ቀለም ከነጭራቸው ይለብሳሉ። ይህች ንዑስ ዝርያ ስሟን ያገኘችው ከአንቲኖሪ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያን ሰጥተውት እዚያው በ1882 ከሞተው ጣሊያናዊ። ካሊፎርኒያ ሸለቆ እንዳላት እኛም ስምጥ ሸለቆ አለን፤ ደጋችንን ለሁለት ከፍሎታል። በደጋው ሣር ውስጥ የሚኖሩ፣ ለብዙ ዘመን በአንድ ስም የተጠሩ እንቁራሪቶች በዘር ምርመራ ሲታዩ ብዙ ዝርያዎች ሆነው መገኘታቸው በ2010ዎቹ ተጽፏል። ስቴቢንስ ሁለት የመሰለውን አንድ አሉ፤ የእኛው ጥናት አንድ የመሰለውን ብዙ አለ። ሁለቱም የመጡት ከአንድ ዓይነት ትዕግሥት ነው።

የስቴቢንስም ፍርድ ሳይከራከሩበት አልቀረ። ዴቪድ ዌክ የተባሉት የበርክሌይ ተተኪያቸው ከ1980ዎቹ ጀምሮ በፕሮቲንና በዘረመል ሲመረምሩ፣ ቀለበቱ ስቴቢንስ እንዳሰቡት ያልተቋረጠ ሆኖ አልተገኘም። ሕዝቦቹ በየዘመኑ ተለያይተው እንደገና የተገናኙባቸው ብዙ ቦታዎች አሉት። ሪቻርድ ሃይተን በ1998 እንዲያውም ይህ አንድ ዝርያ ሊባል አይገባም ብለው ተከራከሩ፤ ዌክም መለሱላቸው። የእኔ አስተያየት ከተጠየቀ፣ ክርክሩ የስቴቢንስን ሥራ አላፈረሰውም። በዓይን፣ በማስመሪያና በውኃ ቀለም ብቻ የተሠራ ካርታ ከዘረመል ዘመን በኋላም ዋናው ቅርጹ መቆሙ ያስደንቃል።

የውኃ ቀለም ያልሁት በምክንያት ነው። ስቴቢንስ ሠዓሊ ነበሩ። በ1966 የወጣውን የምዕራብ አሜሪካ የመስክ መጽሐፋቸውን ሥዕሎች ራሳቸው ሠሩ፤ የሚሥሉትም በሕይወት ካለ እንስሳ እንጂ በአልኮል ከነጣ ናሙና አልነበረም። ኤንሳቲና አልኮል ውስጥ ከገባች ብርቱካኗ ጠፍቶ ግራጫ ትሆናለች፤ ከማሰሮ ብቻ ያጠናት ሰው ማስመሰሉን ሊያስተውል አይችልም ነበር። ሠዓሊነታቸው የሳይንሳቸው ዓይን ነበር ብዬ አምናለሁ። መጽሐፉ በ1985 እና በ2003 እንደገና ታትሟል።

በ1978 ጡረታ ወጡ፤ ዕረፍት ግን አልነበረም። በተማሪነት ያጠኗቸው የአሸዋ እንሽላሊቶች አገር በሞተር ብስክሌትና በአሸዋ መኪና ሲታረስ አይተው ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይጽፉ፣ በየጉባኤው ይመሰክሩ ነበር። ዝምተኛ የሙዚየም ሰው ስለነበሩ ይህ ቀላል አልነበረም፤ በረሃው ባዶ መሬት ነው ብለው የሚያምኑ ብዙ ነበሩ። በጥቅምት 1994 የካሊፎርኒያ በረሃ ጥበቃ ሕግ ሲፈረም ሞት ሸለቆና ጆሹዋ ትሪ ብሔራዊ ፓርክ ሆኑ፤ ሞሃቬም ተከለለ። ለዚያ ከደከሙት ብዙዎች አንዱ የካውልስ ተማሪ ነበሩ። ካውልስ ራሳቸው በ1975 አርፈው ስለነበር አላዩትም።

ፕሮፌሰር ስቴቢንስ በመስከረም 2013 ዩጂን፣ ኦሪገን፣ በ98 ዓመታቸው አረፉ። ከሳሙኤል ማክጊኒስ ጋር መጽሐፍ ያወጡት ከሞታቸው አንድ ዓመት በፊት ነበር። በስማቸው የተጠራች ቀጭን ሳላማንደር በቴሃቻፒ ተራሮች ትኖራለች፤ ስሙን በ1968 ያገኘች ናት። ቴሃቻፒ የቀለበቱ የምሥራቅ ክንድ በሸለቆው ደቡባዊ ጫፍ የሚታጠፍበት ቦታ ነው፤ በዚያው ጫካ ኤንሳቲናም አለች፣ ጥቁር መደብ ላይ ቢጫ ጥፍጥፍ ያላት።